የሆድ መሮ

ፍሬአብ ሙያ ያስተማሩትን ሰው ዳግም ያገኛቸው ኦሎምፒያ፣ ለመንገዱ ሥራ የተቆረጡ ዛፎች በተጋደሙበት ጥግ ላይ ነው። እሱ ከማዶ ያለው ሕንፃ ዘበኛ ነበር፤ የደንብ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ጋሽ መብርሃቶም ከጃካራንዳው ግንዶች መካከል አጎንብሰው አንዱን በጣታቸው አንጓ መታ መታ ያደርጉታል፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ትተውት ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የቀጠሩት ጋሪ ገፊ መጠበቁ ሰልችቶት ጋሪው ላይ ተቀምጧል።

ፍሬአብ ዞር ብሎ ወደ ሕንፃው ሊገባ አሰበ። ከልጅነቱ ጀምሮ ካዛንቺስ በነበረው የጋሽ መብርሃቶም ሥራ ቤት፣ እንጨት እያሽከረከረ በሚያስቀርጽ ቶርኖ አጠገብ ነው ያደገው። መሮ መሳልም፣ እንጨትን በሽታው መለየትም ከእሳቸው ነው የተማረው። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ጋሽ መብርሃቶም የትግራይ ሰው ሆኑ፣ እሱ ደግሞ የወሎ ልጅ ሆነ። ከዚያ በፊት እንዲህ ተባብለው አያውቁም ነበር። ውጊያው የእናቱ ዘመዶች ያሉበት አገር ሲደርስ፣ ፍሬአብ አንድ ቀን ሽርጡን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ወጣና ሳይሰናበታቸው ዘመተ። ግንባር እያለ ጋሽ መብርሃቶም ከቤታቸው ተወስደው አንድ ግቢ ውስጥ መታሰራቸውን ሰማ። በምን ምክንያት እንደሆነ የነገረው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። ከተመለሰ በኋላ በሥራ ቤቱ በር አንድ ሁለቴ አልፏል። ገብቶ ግን አያውቅም።

«ፍሬአብ ነህ?»

አይተውታል።

«አዎ ጋሼ።»

መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ጋሽ መብርሃቶም ቀና ብለው ባዶውን የግራ እጅጌ ተመለከቱ። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ከየት ላይ ነው?» አሉት።

ፍሬአብ በቀኝ እጁ ከግራ ክርኑ ዝቅ አድርጎ አሳያቸው።

«ክርኑ አለ ማለት ነው።»

«ክርኑ አለ።»

«ና፣ ይሄን በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ግንዱን አብረው ጋሪው ላይ ጫኑት። ፍሬአብ በቀኝ እጁ አንሥቶ በደረቱ ገፋው። ሌላ ሁለት ግንድ ጨመሩና ጋሽ መብርሃቶም ገመዱን ራሳቸው አሰሩ።

«ካዛንቺስ የነበረው ቤት ፈርሷል» አሉ ቋጠሮውን እያጠበቁ። «አሁን ቂርቆስ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ሊካሳ የሚባል በያጅ ግቢ ውስጥ። ብትመጣ ታገኘኛለህ።»

ጋሪውን ተከትለው ሄዱ።

አመሻሽ ላይ ፍሬአብ ለሚስቱ ነገራት። ፀሎት ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ቤት እንደገባች ጫማዋን አውልቃ እግሯን በሳፋ ትታጠብ ነበር።

«ጋሽ መብርሃቶምን አገኘኋቸው።»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ።

«ከስተዋል?»

«ጸጉራቸው ነጥቷል። የሚሠሩበትን ቦታ ነገሩኝ።»

«እና?»

«እና ምን? ምን ልሆን ነው የምሄደው? በአንድ እጅ ቶርኖ አይሠራም።»

«ና ካሉህ የሚያውቁት ነገር ይኖራል» አለችና ወደ እግሯ ተመለሰች። «ሂድ ፍሬአብ።»

በዕረፍት ቀኑ ሄደ።

ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ነው። በግድግዳው ወዲያ ማዶ ሊካሳ በርና መስኮት ይበይዳል፤ ወዲህ ማዶ ከካዛንቺስ የመጣው ያው አረንጓዴ ቶርኖ ቆሟል። ወለሉን የሸፈነው ሰጋቱራ ገና እርጥብ ነው፣ የጃካራንዳ ሽታ አለው። ሜክሲኮ አካባቢ የቤት ማስዋቢያ ሱቅ ያላት ኢፍቱ የምትባል ሴት ረጃጅም የአበባ ማስቀመጫዎች አዝዛቸዋለች። ሆዳቸው ሰፊ፣ አፋቸው ጠባብ፣ ገላቸው ስስ እንዲሆን ነው የፈለገችው።

ጋሽ መብርሃቶም የሆድ መሮዎቻቸውን ሁሉ አንድ ጣውላ ላይ አጋድመው ጠበቁት።

የዕቃን ውጭ የሚያወጣ መሮ ከገበያ ይገዛል፤ ልብ ያለው ሰው በጥቂት ወራት ይለምደዋል። ሆድ መቦርቦር ግን ሌላ ነው። መሮው በጠባቧ አፍ ይገባና ዓይን በማያይበት ጨለማ ውስጥ ይሠራል። ዘንጉ ከሚያርፍበት መደገፊያ በራቀ መጠን እንጨቱ ጉልበት ያገኛል፣ ሠራተኛው ያጣል። ስለዚህ ጋሽ መብርሃቶም የሆድ መሮ ገዝተው አያውቁም፤ በራሳቸው ቁመትና ክንድ ልክ ያስቀጠቅጡታል። ጣውላው ላይ ጫፉ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ አለ። ዘንጉ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ጫፉ ላይ ግን ጥፍር የምታህል ስለት ብቻ ያለችው አለ። አንገቱ እንደ ዳክዬ የታጠፈ አለ። እጀታው ከክንድ የሚረዝምም አለ።

«የቱን ትይዛለህ?» አሉት።

ፍሬአብ መንጠቆውን አነሣ። ከመኪና ሞላ ራሱ የቀጠቀጠው ነው። በወጣትነቱ ሌላ መሮ አይነካም ነበር።

«እጄ የሚያውቀው ይሄን ነው።»

«የትኛው እጅህ?»

ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም።

«መንጠቆ ሲቆርጥ እንደ ቅቤ ነው» አሉ ቀጥለው። «ሲነክስ ግን አይለቅም። ያኔ መደገፊያው ላይ ተጭኖ የሚገዛው ግራ እጅህ ነበር።»

«በክርኔ እጫነዋለሁ።»

«እስቲ ሞክረው።»

ውጩ ያለቀ አንድ ዕቃ ቶርኖው ላይ አሰሩ። ጋሽ መብርሃቶም መካከሉን እስከ ታች በሱለት። ፍሬአብ እጀታውን በቀኝ ብብቱ ውስጥ አስገብቶ፣ ዘንጉን በግራ ክንዱ ጉማጅ ከላይ ተጭኖ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ሠራ። ረዘም ያለ እርጥብ ፍቅፋቂ ከዕቃው አፍ እየተጠቀለለ ወጣ፣ ትከሻው ድሮ የሚያውቀውን መወዛወዝ አገኘ፣ ለጥቂት ጊዜ ሌላውን ሁሉ ረሳ። ከዚያ መንጠቆው ከውስጥ ነከሰ። እጀታው ከብብቱ አምልጦ ጎድኑን መታው። ዘንጉ ጉማጁ ሥር ተጠመዘዘ። ዕቃው ተሰንጥቆ አንዱ ግማሽ ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር ተላተመ።

ጋሽ መብርሃቶም ማጥፊያውን ተጫኑ። ሊካሳ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ በሩ ላይ ደረሰ።

«ሰው ተጎዳ?»

«ደህና ነን» አሉ ጋሽ መብርሃቶም።

የፍሬአብ እጅጌ ላይ ደም ወጥቷል። ጋሽ መብርሃቶም እጅጌውን ሊሰበስቡለት እጃቸውን ሲዘረጉ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አይንኩኝ ጋሼ።»

«እሺ።»

ጉማጁን ለማንም አያሳይም ነበር። ፀሎት እንኳ የምታየው ድንገት በሩን ስትከፍት ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሄዶ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ታጠበው። ሲመለስ ጋሽ መብርሃቶም የተሰነጠቀውን እንጨት ከወለሉ እያነሡ ነበር።

«ይቅር ጋሼ። ሞከርነው አይደል» አለና ወጣ።

ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላም ተከተለ፤ ፍሬአብ አልተመለሰም። ፀሎት ጠየቀችው፤ «አልሆነም» ብቻ አላት። ከዚያ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በራቸው ተንኳኳ። ጋሽ መብርሃቶም ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በብብታቸው ይዘው ቆመዋል።

ፀሎት በሩ ላይ ሳመቻቸው። ትከሻቸውን ይዛ ቆየች። ከዚያ ወንበሩን ስባ «ጋሼ፣ ይሄኛው ይሻልዎታል። ያ ጉልበትዎ ተሻለዎት?» አለቻቸው።

«ብርድ ሲሆን ብቻ ነው አሁን።»

ፍሬአብ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን አየ። ጋሽ መብርሃቶም እሱ በሚያውቃቸው ዘመን ጉልበታቸውን ታመው አያውቁም።

«ጉልበታቸውን በምን አወቅሽ?» አላት።

ፀሎት ሳህኖቹን ማቀራረብ ጀመረች።

«አልነገርሽውም እንዴ?» አሏት ጋሽ መብርሃቶም።

«አልነገርኩትም።»

«እኔ ደግሞ የሚያውቅ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።» ወደ ፍሬአብ ዞሩ። «ግቢው ውስጥ ሳለሁ ምግብ ከየቤታችን ነበር የሚመጣልን። ባለቤቴ በር ላይ ከታየች እሷንም ያስቀሯታል ብለን ፈራን። አትምጪ ብዬ ላክሁባት። እና ይቺ ልጅ ነበረች የምትመጣው። ከቢሮዋ ወጥታ፣ ምግቡን በፌስታል ቋጥራ። ሲሚንቶ ላይ ነበር የምንተኛው፣ ጉልበቴ የያዘኝ ያኔ ነው። ቅባትም አምጥታልኛለች።»

«እንዴት አስገቡሽ?» አላት ፍሬአብ።

«ምናቸው ነሽ አሉኝ፣ ልጃቸው ነኝ አልኩ» አለች ፀሎት። ዓይኗ ሳህኖቹ ላይ ነው። «አላመኑኝም። ባልሽስ አሉኝ። ግንባር ነው አልኳቸው። በወታደር ልብስ የተነሣኸውን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ አልከለከሉኝም።»

ፍሬአብ ቆሞ ነበር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምን እንደተሰማው ለይቶ ማወቅ አልቻለም። እሱ ምሽግ ውስጥ ሆኖ ስለ ጋሽ መብርሃቶም ላለማሰብ ይታገል በነበረ ጊዜ፣ የእሱ ፎቶ ለእሳቸው ምግብ በር እያስከፈተ ነበር። ንዴት የሚመስል ነገር መጣበት፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላወቀውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በስልክ የሚነገር ነገር አልነበረም። በኋላ ሆስፒታል ነበርክ። ከዚያ ደግሞ ስማቸውን ስጠራ ፊትህን ታዞር ነበር። በቃ፣ ጊዜው እንዲሁ አለፈ።»

ጋሽ መብርሃቶም ወንበራቸውን ወደ አልጋው ጠጋ አደረጉ።

«ስማኝ ፍሬአብ። የመጣሁት በእሷ ምክንያት አይደለም። ለእሷ ምስጋናዬን እኔው አውቃለሁ። የመጣሁት ሠራተኛ ስለምፈልግ ነው። ቶርኖ የሚያዞር ሰው ሞልቷል፤ ሆድ የሚያወጣ አጣሁ። ባለፈው መሮ አመራረጥህ ስሕተት ነበር፣ ሌላ አይደለም። መምረጥ ያለብህ አሁን ላለህ ክንድ ነው።»

ጋዜጣውን ፈቱት። ውስጡ ወፍራም ብረት ነበር፣ ገና ያልተሳለ።

በማግሥቱ ፍሬአብ ከሥራው ሲወጣ በቀጥታ ወደ ቂርቆስ ወረደ። ሊካሳ ብየዳውን አቁሞ ጠበቀው። በዕድሜ ከፍሬአብ ያንሳል፤ ወሬ ይወዳል፤ ብረት ሲሰጡት ግን ይጠነቀቃል።

ጋሽ መብርሃቶም ሐሳባቸውን መሬት ላይ በኖራ ሣሉላቸው። ወፍራሙ ዘንግ ከኋላው በሁለት ብረቶች መካከል ያልፋል፤ እንደ በር ማለት ነው። በሩ ዘንጉን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ ይለቀዋል፣ እንዲጠመዘዝ ግን አይፈቅድለትም። እንጨቱ ሲነክስ የሚመታው በሩን ነው፤ ክንድን አይደለም። ጫፉ ላይ ያለችው ስለት ትንሽ ስለሆነች ደግሞ ብትነክስም የምትነክሰው ትንሽ ነው።

ሊካሳ በሩን በይዶ ከቶርኖው ጀርባ ሲያቆመው፣ ረጅሙ ዘንግ ወደ ዕቃው አፍ ተነጣጥሮ ቀረ።

«ይሄማ መድፍ ነው የሚመስለው» አለ ሊካሳ። ወዲያው የተናገረው ገባውና አጎነበሰ። መፍቻውን መሬት ላይ ፈለገ።

«መድፍ እንኳ ከዚህ ይከብዳል» አለ ፍሬአብ።

በዚያ ቤት ስለ ጦርነቱ የተነገረ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ጋሽ መብርሃቶም መሮውን መሳያው ላይ እንደያዙ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት፤ ከዚያ ወደ ስለቱ ተመለሱ።

ዘዴው ሠራ። መሮው ነከሰ፤ በሩ ተንቀጠቀጠ፤ ክንዱ ምንም አልሆነም። በቀኝ እጁ ብቻ እየገፋና እየሳበ የአንዱን ዕቃ ሆድ ከግማሽ በላይ አወጣ። ሊካሳ ትከሻውን መታ አድርጎት ወደ ሥራው ሄደ። ፍሬአብ ግን ቶርኖውን አጥፍቶ ቆመ።

«ምነው?» አሉት ጋሽ መብርሃቶም።

«አይናገርም ጋሼ።»

«ምኑ?»

«መሮው። እንጨቱ የሚለውን ሁሉ በሩ ይውጠዋል፣ እኔ ጋ አይደርስም። ገላው ምን ያህል እንደቀረው አላውቅም።»

እውነቱን ነበር። በሚቀጥለው ቀን ያንን ዕቃ ሊጨርስ ሲል ስለቷ ጎኑን በስታ ወጣች፤ በቀዳዳው በኩል የመስኮቱ ብርሃን ታየ። ጋሽ መብርሃቶም ዕቃውን ፈትተው በሁለት እጃቸው አገላበጡት።

«ለሸካራው ሥራ በሩ ይሁን» አሉ። «ለመጨረሻው ግን የሚናገር መሮ ያስፈልግሃል። ያ ደግሞ ከሰውነትህ ጋር የሚነካካ መሆን አለበት።»

ብዙ ተከራከሩበት። ፍሬአብ እንደ ዳክዬ አንገት የታጠፈውን ፈለገ፤ የዕቃውን ትከሻ ከውስጥ የሚደርስበት እሱ ብቻ ነው። ጋሽ መብርሃቶም አሮጌውን አንሥተው ከዓይናቸው ፊት ቀጥ አድርገው ያዙት።

«ጫፉን እየው። ከዘንጉ መስመር ወጥቷል። ጫፉ ከመስመር ሲወጣ እንጨቱ እንደ ቁልፍ ያዞርሃል። ሁለት እጅ ላለው ሰው ነው ይሄ።»

«አንገቱ ይታጠፍ፣ ጫፉ ግን ተመልሶ መስመሩ ላይ ይምጣ» አለ ፍሬአብ። «ወጣ ብሎ የሚመለስ።»

ጋሽ መብርሃቶም አሰቡበት። ከዚያ ኖራውን ሰጡት። ፍሬአብ ወለሉ ላይ ሣለው፤ ሊካሳም ብረቱን አግሎ፣ ሥዕሉ ላይ እየለካ አጠፈው። እጀታውን ከብብት እስከ ዳሌ የሚደርስ አደረጉት። የቀረው የግራው ነገር ነበር። ዘንጉን መደገፊያው ላይ የሚጫነው ምንድን ነው? ጋሽ መብርሃቶም ጫማ ሠሪ ጎረቤታቸውን አንድ የቆዳ ከረጢት ሊያሠሩት አሰቡ፤ ጉማጁ ውስጡ የሚገባበት፣ ከክርኑ በላይ በጠፍር የሚታሰር፣ ከሥሩ ለዘንጉ ቦይ ያለው።

ለመለካት ጉማጁ መታየት ነበረበት። ፍሬአብ በሩን ዘጋና እጅጌውን ሰበሰበ። ጋሽ መብርሃቶም መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ለእንጨት በሚያደርጉት ዓይነት ጥንቃቄ፣ በገመድ ለኩት። ጫፉ ላይ የነበረው ቁስል ሽሯል። ገመዱ ላይ ቋጠሮ አደረጉና እጅጌውን ራሳቸው መልሰው አወረዱለት። በዚህ ጊዜ ፍሬአብ አልሸሸም።

ከረጢቱ በመጣ ቀን አዲሱን መሮ ሞከረ። ዘንጉ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ እጀታው በቀኝ ብብቱ ሥር ተቀመጠ፣ ቶርኖው ተነሣ። ፍሬአብ በጥንቃቄ ጫፉን ወደ ውስጥ ሰደደ። ስለቱ እንጨቱን ሲነካ አንድ ነገር በክንዱ አጥንት ወጣ። ደነገጠና መሮውን መለሰ።

«ነከሰህ?»

«አልነከሰም።» እንደገና አስገባው። «ይሰማኛል ጋሼ። በአጥንቱ በኩል። እዚህ ወፍራም ነው፤ እዚህ ጋ ደግሞ ይሳሳል።»

«ቀጥል።»

ቀጠለ። ከዚያ ቀን በፊት ጉማጁ የሕመም ቦታ ብቻ ነበር፤ ወይ ያመዋል፣ ወይ የሌለው እጁ ያሳክከዋል። አሁን የእንጨቱን ገላ ከጣቶቹ በተሻለ ይነግረዋል። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሰጋቱራው ነው እንዳይል ጋሽ መብርሃቶም አጠገቡ ቆመው ያዩታል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

እንዲህ እያለ ሥራው መስመር ያዘ። ፍሬአብ ከዘበኝነቱ ለቀቀ። ጋሽ መብርሃቶም ውጩን ያወጣሉ፤ እሱ ሆዱን ይቦረቡራል። አብዛኛውን ጊዜ አያወሩም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ቶርኖው ቆመና ሁለቱም ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«እናቴ ማረፏን ታውቃለህ?» አሉ ጋሽ መብርሃቶም።

«አላውቅም። እግዚአብሔር ያጽናዎ ጋሼ። መቼ?»

«መቼ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም ነበር። የትግራይ ስልክ ተዘግቶ አልነበር? የተከፈተ ቀን ደወልኩ። እህቴ አነሣች። እናቴን ስጪኝ ስላት ዝም አለች። ለካ ካረፈች ቆይታለች። ለሰው ሁሉ የቆየ ሐዘን ነው፣ ለእኔ የዚያን ቀን። የስኳር መድኃኒት አጥታ ነው አሉኝ።»

ፍሬአብ ወለሉን አየ። ሰጋቱራውን በጫማው ገፋ።

«ሰው ገድለሃል?» አሉት።

ጥያቄው አንድ ቀን እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ቀስ ብሎ መለሰ።

«ተኩሻለሁ። በአብዛኛው ወደማላየው ነው የተኮስኩት። የወደቀ ይኑር አይኑር አላውቅም። ልዋሽዎት አልፈልግም ጋሼ።»

ጋሽ መብርሃቶም ከሰጋቱራው እፍኝ አንሥተው በጣታቸው አሹት። ከግድግዳው ወዲያ ሊካሳ መብራት ሲመጣ የሚሠራውን ብረት እያቀራረበ ነው።

«አንተ ስትሄድ ሽርጥህን ከሚስማሩ አላወረድኩትም» አሉ በመጨረሻ። «ቤቱ ሊፈርስ ሲል ነው ያወረድኩት። ተቆጥቼህ ነበር። ሳትነግረኝ ስለሄድክ። ስለ መሄድህ ምን እንደምል እስካሁንም አላውቅም፤ የእናትህ አገር ነው። እኔም ወጣት ብሆንና እዚያ ብሆን የት እንደምገኝ አላውቅም። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ሳልነግርዎ ስለሄድኩ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ወደይ።»

በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ድሮ ካዛንቺስ ሥራ ሲቃና እንዲህ ይሉት ነበር። መብራቱ ግን ቶሎ አልመጣም፤ ሁለቱም እዚያው ተቀምጠው ቆዩ።

የኢፍቱ ዕቃዎች አልቀው ተሰጡ። ከእነሱ መካከል አንዱን ጋሽ መብርሃቶም አላስረከቡም። ፍሬአብ በአዲሱ መሮ መጀመሪያ የጨረሰው ነው፤ ከታች ትንሽ ወፍሮ የቀረ። መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ነው የመሄዳቸውን ነገር ያነሡት። ከዓዲግራት ወጣ ብሎ ያለውን የእናታቸውን መቃብር አይተውት አያውቁም። መንገዱ ከተከፈተ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን አንዴ ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ አንዴ ዕቃ ላጓጉዝ ነው፣ አንዴ ቶርኖውን ለማን ትቼ እያሉ ቀሩ። አሁን ምክንያት አልነበራቸውም። ለባለቤታቸውና ለራሳቸው የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጡ፤ ለተዝካሩ የሚሆነውንም አዘጋጁ። ቁልፉን ለፍሬአብ ሲሰጡት ስለ ቶርኖው ቀበቶና ስለ መሳያ ድንጋዩ ብዙ ማሳሰቢያ ነገሩት፤ ሁሉንም ከሳቸው ይበልጥ ያውቀው ነበር።

ደርሰው ሲደውሉ መስመሩ ይቆራረጥ ነበር።

«መቃብሯን አየሁት» አሉ። «ድንጋይ አድርገውላታል። ከአባቴ ጎን ናት።»

«እንኳን ደረሱ ጋሼ። አለቀሱ?»

«አለቀስኩ። በደንብ አለቀስኩ።» ከዚያ ወደ ሥራው አለፉ። «ሥራው እንዴት ነው?»

«አንዱ ከታች ተሰነጠቀብኝ። እንጨቱ እርጥብ ነበር።»

«ሰጋቱራ ውስጥ ቅበረው፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ። አትቸኩል።» ከዚያ መስመሩ ጠፋ።

በዚያው ሳምንት ፀሎት ከቢሮ ወጥታ ወደ ቂርቆስ መጣች። ወደ ሥራ ቤቱ ገብታ አታውቅም ነበር። ፍሬአብ ሆድ እያወጣ ስለነበር ስትገባ አላያትም። የቆዳው ከረጢት ክርኑ ላይ ታስሯል፣ እጅጌው እስከ ትከሻው ተሰብስቧል። ሲያያት ቶርኖውን አጠፋ። እጁ ወደ እጅጌው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። አላወረደውም።

ቀረብ ብላ ከረጢቱን አየች፣ ጠፍሩን በጣቷ ነካች።

«ያምሃል?»

«አያምም። ሥራ ሲበዛ ብቻ ይደነዝዛል።»

ከጃካራንዳው ግንዶች አንዱ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ፍሬአብ ቶርኖውን እንደገና አስነሣ። ፀሎት እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ቤቱን ቆልፈው፣ ሊካሳን ደህና እደር ብለው፣ አብረው በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ።